አውቶቡስ በእርጅና አይሞትም

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም። ጨለማው ገና አልለቀቀም፤ ሰልፉ ግን አጥሩን ተከትሎ ታጥፏል። ቢሮ የምታጸዳ እናት አለች፤ አለቆቿ ከመግባታቸው በፊት ወለሉ መድረቅ አለበት። ሌሊቱን ያደረውን ባልደረባውን ሊተካ የሚሄድ ጥበቃ አለ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቀጠሮ ያላቸው አዛውንት አሉ፤ ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ሁሉም የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው። እሱም አይመጣም። ሲመጣም በሩ ላይ ሰው አንጠልጥሎ ነው።

በዚያችው ሰዓት ከተማው ውስጥ ሌላ ሰልፍ አለ። ይኼኛው ድምፅ የለውም። ዴፖ ግቢ ውስጥ በመስመር የቆሙ አውቶቡሶች ናቸው። አንዱ ጎማ የለውም፤ በድንጋይ ተደግፏል። የአንዱ የፊት መስታወት ተነቅሎ ለሌላ ተሰጥቷል። አንዱ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም፤ ሞተሩ ግን እንደተከፈተ ቀርቷል።

ሰው አውቶቡስ ይጠብቃል። አውቶቡስ ዕቃ ይጠብቃል። የአዲስ አበባ የብዙኃን ትራንስፖርት ችግር ባጭሩ ይኼው ነው።

ስለ ችግሩ የሚነገረው ግን ሌላ ነው። በየጥቂት ዓመቱ አንድ ዓይነት ዜና ይሰማል፤ "አውቶቡሶቹ አርጅተዋል፣ በአዲስ ይተካሉ።" ቁጥር ይጠራል፤ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ አምስት መቶ። አዲሶቹ አደባባይ ላይ ይደረደራሉ፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ቁልፍ ይረከባል፣ ፎቶ ይነሣል። ሰልፈኛው ለጥቂት ወራት እፎይ ይላል። ከዚያ አንድ በአንድ ይጎድሉና ሰልፉ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ያው ዜና ይደገማል።

አሁን የሚነገረው ዜና ኤሌክትሪክ የሚል ቃል ተጨምሮበታል። ናፍጣ የሚጠጡት ይወገዳሉ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ይተካሉ። መልካም። ነገር ግን ከሪባኑ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። የቀድሞዎቹን ምን ገደላቸው?

እርጅና አይደለም። እርጅና ሰበብ ነው። አውቶቡስ የሚሞተው በመለዋወጫ እጦት፣ በጥገና ቸልታና ማንም በማይጠየቅበት አሠራር ነው። ይህ ሳይቀየር አዲስ መግዛት ማለት የነገውን የቁራሌ ብረት ዛሬ በዶላር መግዛት ማለት ነው።

ዳፉ እየሠራ ቢሾፍቱው ቆመ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። አንበሳ አውቶቡስ ጣሊያን ከተባረረ በኋላ በነበሩት ዓመታት በጣት በሚቆጠሩ መኪኖች የተጀመረ አገልግሎት ነው። በንጉሡ ዘመን አክሲዮን ማኅበር ነበር፤ ደርግ ወረሰው፤ በኋላ የከተማው ድርጅት ሆነ። ቀይና ቢጫ የተቀባው ዳፍ ለአንድ ትውልድ የከተማው ሰዓት ነበር። ሰው "የስድስት ሰዓቱ አለፈ" ብሎ ምሳውን ያቀርብ ነበር።

ከዚያ ቢሾፍቱ መጣ። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሕዝቡ ሜቴክ ብሎ የሚያውቀው፣ በሥሩ በነበረው የቢሾፍቱ አውቶሞቲቭ ኢንዱስትሪ በኩል ለአንበሳ 500 ያህል አውቶቡስ አቀረበ። ሐሳቡ በራሱ መጥፎ አልነበረም። አገር ውስጥ መገጣጠም፣ ዶላር ማዳን፣ ሙያ ማስተማር፤ ማን ይጠላል? በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የፐብሊክ ሰርቪስ ሠራተኞች ትራንስፖርት አገልግሎት 410 አውቶቡሶችን ይዞ ሥራ ጀመረ። የመንግሥት ሠራተኛው ጠዋትና ማታ በነፃ ይጓዛል፤ በመሃል ባለው ሰዓት አውቶቡሶቹ ሕዝቡን በክፍያ ያመላልሳሉ። በ2008 ዓ.ም. ሸገር ተጨመረ። በኋላም አንበሳና ሸገር ተዋህደው አንድ ድርጅት ሆኑ።

በዚህ ሁሉ መሃል የከተማው ሰው በዓይኑ ያየው ነገር አለ። ያረጀው ዳፍ ጥቁር ጭስ እየተፋም ቢሆን ሽቅብ ሲወጣ፣ ከእሱ በብዙ ዓመት የሚያንሰው ቢሾፍቱ መንገድ ዳር ኮፈኑን ከፍቶ ቆሞ ይታይ ነበር። ችግሩ ዕድሜ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ መቆም የነበረበት ዳፉ ነው።

ስለ ሜቴክ ብዙ ተብሏል። ስለ መርከቦቹ፣ ስለ ስኳር ፋብሪካዎቹ ዘጋቢ ፊልም ተሠርቷል። ስለ አውቶቡሶቹ ግን ቀላሉ ጥያቄ በአደባባይ ሲመለስ አልታየም። የግዢ ውሉ የስንት ዓመት መለዋወጫ ይጨምር ነበር? አውቶቡሱ ቢቆም አቅራቢው ምን ይከፍል ነበር? ከ500ው ውስጥ በሦስተኛው ዓመት፣ በአምስተኛው ዓመት በየቀኑ ከበር የሚወጡት ስንት ነበሩ? ይህን የማይመልስ ከተማ ቀጣዩን ሲገዛ ከምን ተምሮ ይገዛል?

ባቡሩም ኤሌክትሪክ ነበር

"ያ የናፍጣ ዘመን ነው፤ ኤሌክትሪክ ሌላ ነው" የሚል ካለ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ስታዲየም አካባቢ ከራሱ በላይ ያለውን ድልድይ ይመልከት።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። 41 ባቡሮች ተገዙ። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን ያንቀሳቀሰው የሼንዘን ሜትሮ ኩባንያ ነበር። ባቡሩ አዲስ ነበር፣ ኤሌክትሪክ ነበር፣ ከአፍሪካ ቀዳሚ ተብሎ ተጨብጭቦለታል። ስምንት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከ41ዱ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ከሩብ በታች ወረዱ። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ ያው ነው፤ መለዋወጫ የለም፣ የውጭ ምንዛሪ የለም።

ቲኬቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። በዚህ ዋጋ ቲኬት የሚሸጥ አገልግሎት የራሱን መለዋወጫ በዶላር ሊገዛ እንደማይችል ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ይህ ሪባኑ በተቆረጠበት ቀንም የታወቀ ነበር። የጥገናው በጀት ግን ከብድሩ ጋር አብሮ አልመጣም። ብድሩ ይከፈላል፤ ከባቡሮቹ ግን ብዙዎቹ ቆሙ።

ይህ የባቡር ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ቦታ ባልነበረው ነበር። ነገር ግን ባቡሩን ያቆመውና አውቶቡሱን ያቆመው አንድ በሽታ ነው። መግዣ ገንዘብ ይገኛል፤ ማቆያ ገንዘብ አይገኝም። ለመግዣው አበዳሪ አለ፣ ሥነ ሥርዓት አለ፣ ዜና አለ። ለፍሬን ሸራ ሪባን የሚቆርጥ የለም።

ኤንትሬን ማን አቆየው?

"የአገሩ መንገድ ነው"፣ "የአገሩ ሰው ጥገና አያውቅም" የሚል ሰበብም ይሰማል። ይህ ስድብ ነው፤ ደግሞም ውሸት ነው።

ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና አያቶች የነዱት መኪና ነው። ፋብሪካው ማምረት ካቆመ ስንት ዘመን አለፈው። የኢትዮጵያን ዳገት ሲወጣ ግን አሁንም ይታያል። ሰማያዊና ነጯ ላዳ የሶቪየት ኅብረት ፈርሳም ሰው ስታመላልስ ኖራለች። ያረጀው ቶዮታ ሚኒባስ ከብዙ ሾፌሮቹና ረዳቶቹ በዕድሜ ይበልጣል፤ በየቀኑ ግን ንጋት ላይ ተነሥቶ "መገናኛ፣ መገናኛ" ይላል። የሚሄደው በዚያው ጉድጓድ ላይ ነው፤ የሚጠገነው በዚያው አገር ሰው እጅ ነው።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ሚኒባሱ ዛሬ ካልወጣ ባለቤቱ ዛሬ ገንዘብ አያገኝም። ሾፌሩ ማታ ላይ "ፍሬኑ ይጮሃል" ካለ፣ ጠዋት ሶማሌ ተራ ተሂዶ ዕቃው ተገዝቶ ከሰዓት በፊት ይገጠማል። አዲስ ከሌለ ያገለገለ ይፈለጋል፤ ያገለገለ ከሌለ ብረት ቀጥቃጩ ያበጀዋል። የሚፈርም ኮሚቴ የለም። ውሳኔው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

በመንግሥት ዴፖ ያው ዕቃ ሲበላሽ መካኒኩ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ወደ መጋዘን ይሄዳል፤ "የለም" ይላል። ወደ ግዢ ክፍል ይሄዳል፤ ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር እስኪጠራቀም ይጠብቃል። ጨረታ ይወጣል፣ ይሰረዛል፣ እንደገና ይወጣል። ካሸነፈ ነጋዴ ጋር ውል ሲገባ የምንዛሪው ዋጋ ተለውጦ ይገኛል። ዶላሩ ቢገኝ ዕቃው በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ።

እስከዚያ ያ አውቶቡስ ቆሞ አይጠብቅም፤ ይበላል። ለጎረቤቱ አንድ ነገር ሲጎድል ከእሱ ይፈታል። ዛሬ ዲናሞው፣ ነገ ባትሪው፣ ከነገ ወዲያ የበሩ ሲሊንደር። በአንድ ዕቃ ምክንያት የቆመው አውቶቡስ፣ ያቺ አንዷ ዕቃ በደረሰችበት ቀን ሃያ ዕቃ ጎድሎት ይገኛል። ይኼኔ "አርጅቷል፣ ከጥቅም ውጭ ሆኗል" ተብሎ ይመዘገባል። በወረቀቱ ላይ የሞተበት ምክንያት እርጅና ነው። የእውነቱ ግን በአንድ ዕቃ የተጀመረ ግድያ ነው።

መካኒኩ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ከነዚያ ዴፖዎች የወጡ መካኒኮች በግል ጋራዥ ውስጥ ተፈላጊ ናቸው። የሚሄዱትም ለዚሁ ነው፤ ደመወዙ ቤት ኪራይ አይሸፍንም፣ እጃቸውም ዕቃ ሳይኖር ምንም አይሠራም። የካና ሸጎሌ ላይ ትልልቅ ዴፖዎች መሠራታቸው ጥሩ ነው። ግን ዴፖ ግድግዳ አይደለም። ዴፖ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ዕቃና መካኒኩ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ዕውቀት ነው።

ኤሌክትሪኩ ጥሩ ነው፤ ግን

በኤሌክትሪክ አውቶቡስ ላይ ጥላቻ ሊኖር አይገባም። እንዲያውም ከአዲስ አበባ የበለጠ የሚመቸው ከተማ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ በሆነበት ከፍታ የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከፍታ አይነካውም። ከሽሮ ሜዳ ወደ ፒያሳ ሲወርድ ፍሬን በያዘ ቁጥር ጉልበቱን መልሶ ወደ ባትሪው ይሞላል። ዘይት ቅየራ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም፣ ኢንጀክተር የለም። ናፍጣ በዶላር ይገባል፤ ኤሌክትሪኩ ከአባይና ከጊቤ ይመጣል። ሕዳሴው ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በተመረቀበት አገር ይህን መቃወም ሞኝነት ነው። መንግሥትም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ አቅጣጫው የታወቀ ነው።

ግን የሚጎዱ ክፍሎቹ ሲቀንሱ፣ የቀሩት በጣም ውድና በጣም ልዩ ይሆናሉ። ለዳፍ ኢንጀክተር መፍትሔ የሚያበጅ ሰው ሶማሌ ተራ ውስጥ አለ። ለባትሪ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር የሚያበጅ ሰው እዚያ የለም። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም በአምራቹ እጅ የተቆለፈ ከሆነ፣ አውቶቡሱ በአንዲት ቀይ መብራት ምክንያት ከዴፖ አይወጣም፤ መካኒኩ ምን ቢካን እጁን አጣጥፎ ያያል። ባትሪው የአውቶቡሱን ዋጋ ትልቁን ድርሻ ይይዛል፤ በየዓመቱም አቅሙ ይቀንሳል። የተወሰነ ዓመት ሲያገለግል መቀየር አለበት። የዚያን ጊዜ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ዛሬ በውል ካልታሰረ፣ ያን ጊዜ "አርጅቷል" ይባላል።

ሌላም አለ። መቶ አውቶቡስ ሌሊት በአንድ ግቢ ቻርጅ ሲደረግ የዚያን ሰፈር ትራንስፎርመር መቋቋም አለበት። መብራት በጠፋ ሌሊት፣ ጠዋት መቶ አውቶቡስ አይወጣም። ባለ ከፍተኛ ቮልቴጅ መሣሪያ የሚነካ ሰው ልዩ ሥልጠና ይፈልጋል፤ አለዚያ ሰው ይሞታል። እነዚህ ሁሉ መፍትሔ ያላቸው ነገሮች ናቸው። መፍትሔያቸው ግን አውቶቡሱ ጂቡቲ ወደብ ከመድረሱ በፊት መጀመር አለበት።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ ለሁለቱም መንገድ ምስክር ነው። ዳሬሰላም እ.ኤ.አ. በ2016 ፈጣን አውቶቡሷን በ140 አውቶቡሶች ጀመረች። ዴፖውን ግን ጃንግዋኒ ከሚባለው፣ ወንዝ ከሚሞላበት ሜዳ ላይ ሠራችው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ዴፖው ተጥለቀለቀ፤ አዳዲስ አውቶቡሶች በጎርፍ ተበላሹ። አውቶቡሱ ታስቦበት ነበር፤ የሚያድርበት አልታሰበበትም።

የቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ ሌላ መንገድ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የመጀመሪያዎቹን 100 የቢዋይዲ ኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ስታስገባ የገዛቸው ኤኔል የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነው። እሱ ገዝቶ ለአውቶቡስ ድርጅቱ በኪራይ ሰጠ፤ ቻርጀሩንም እሱ ተከለ። ገንዘቡን የሚያገኘው በአንድ ቀን ሥነ ሥርዓት ሳይሆን በየወሩ፣ በዓመታት ነው። ከኋላም ከተማዋ አውቶቡስ አቅራቢውንና አውቶቡስ ነጂውን በውል ለያይታ መሥራት ጀመረች። ቁም ነገሩ አንድ ነው፤ አቅራቢው ሸጦ አይሄድም። አውቶቡሱ ሲቆም እሱም ያመዋል፤ ልክ እንደ ሚኒባሱ ባለቤት።

"ገንዘብ የለም"

ትልቁ መከላከያ ይኼ ነው። ቲኬቱ ርካሽ ነው፣ ከተማው ይደጉማል፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር ተሻገረ፤ ያው የመለዋወጫ በጀት የሚገዛው ዕቃ በግማሽ ቀነሰ። ይህ እውነት ነው። ማንም ሐቀኛ ሰው አይክደውም።

ግን እውነቱ ከመግዛት ጋር ሳይሆን ከመጠገን ጋር ነው የሚቆመው። ዶላር ውድ ከሆነ፣ በውድ ዶላር ሙሉ አውቶቡስ ከመግዛት በፊት በጥቂት ዶላር የቆመውን ማስነሣት ይቀድማል። ለምሳሌ ያህል 100 አውቶቡስ ያለው ድርጅት ጠዋት የሚያወጣው 60 ብቻ ነው ይባል። በጥገናና በመለዋወጫ 85 ማድረስ ከቻለ፣ አንድም ሳይገዛ 25 አውቶቡስ አገኘ ማለት ነው። በዚያው በ60 አሠራር 25 አውቶቡስ በመንገድ ላይ ለመጨመር ግን ከ40 በላይ መግዛት አለበት። ከዚያም እነዚያ 40ዎቹ ከነባሮቹ ጋር እየቆሙ ይሄዳሉ።

ሀብታሞቹ አገሮች እንኳ ይህን ሒሳብ በሕግ አስረውታል። በአሜሪካ በፌዴራል ገንዘብ የተገዛ ትልቅ የከተማ አውቶቡስ ቢያንስ 12 ዓመት ወይም 500,000 ማይል፣ ማለትም 800,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲያገለግል ይጠበቃል። ትልልቅ ድርጅቶች በመጠባበቂያ ስም የሚያቆሙት አውቶቡስ በሥራ መውጫ ሰዓት ከሚያሰማሩት 20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንብ አለ። "ብዙ አለን" እያሉ ግቢ ውስጥ ብረት ማከማቸት አይቻልም። በዋሽንግተን አካባቢ አውቶቡስ የሚነዱ ኢትዮጵያውያን መኪናቸውን ከማንቀሳቀሳቸው በፊት ዞረው ፈትሸው ይፈርማሉ። ሰው አልተለወጠም፤ አሠራሩ ነው የተለወጠው።

"ለግል ይሰጥና ይለይለት" የሚሉም አሉ። ሚኒባሱ ስላልቆመ ሁሉን ይመልሳል ብለው ነው። ሚኒባሱ አይቆምም፤ እውነት ነው። ግን ማታ 12 ሰዓት ላይ ከሜክሲኮ እስከ ጀሞ ያለውን መንገድ ለሁለት ቆርጦ እጥፍ የሚያስከፍለው፣ ዝናብ ሲጥል "አልሄድም" የሚለው እሱ ነው። ሙሉ መንገድ፣ በተለጠፈ ዋጋ፣ ነፍሰ ጡርንም አዛውንትንም ሳይመርጥ የሚጭነው የከተማው አውቶቡስ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሚኒባሱ መማር ያለበት አንድ ነገር ነው፤ መኪናው ሲቆም የሚያመው ሰው መኖሩ። ባለቤትነቱን መሸጥ ሌላ ጉዳይ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ቁጥሩ ይለወጥ። "ስንት አውቶቡስ ተገዛ" የሚለው ዜና ይቅርና "ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስንት አውቶቡስ ከበር ወጣ" የሚለው በየቀኑ፣ በየዴፖው ለሕዝብ ይለጠፍ። ስምሪት ክፍሉ ይህን ቁጥር በየጠዋቱ ያውቀዋል፤ አዲስ ጥናት አያስፈልገውም። የቴሌግራም ቻናል መክፈት በጀት አይጠይቅም። ቁጥሩ ሲወርድ ሕዝቡ ከሰልፉ በፊት ያውቃል፤ ኃላፊውም ከሕዝቡ በፊት ይደነግጣል።

ሁለተኛ፣ አውቶቡስና መለዋወጫ በአንድ ውል ይገዙ። አቅራቢው ቢያንስ የአሥር ዓመት መለዋወጫ፣ እዚሁ አገር ውስጥ መጋዘን፣ የመካኒክ ሥልጠናና የኮምፒውተሩን ቁልፍ ጭምር ያስረክብ። ክፍያው በአንድ ጊዜ አይሁን። የተወሰነው በርክክብ ቀን፣ የቀረው በየዓመቱ፣ አውቶቡሱ በሠራው ቀን ልክ ይከፈል። ይህን ውል የማይፈርም አቅራቢ ስለ ዕቃው ራሱ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የመኪና ዓይነት ይቀነስ። ዛሬ ከአንዱ፣ ነገ ከሌላው፣ ከነገ ወዲያ በልገሳ ከመጣው ሲገዛ መጋዘኑ የአምስት አገር ብሎን ይዞ አንዱንም ማሟላት ያቅተዋል።

አራተኛ፣ ለዴፖ ኃላፊው በቂ የእጅ ገንዘብና የመወሰን ሥልጣን ይሰጠው። የፍሬን ሸራ ለመግዛት ጨረታ ማውጣት ሌብነትን አይከላከልም፤ አውቶቡስን ይገድላል። ሌብነቱን መቆጣጠር የሚቻለው በኦዲትና በዚያች በየጠዋቱ በምትለጠፈው ቁጥር ነው። ገንዘቡን ወስዶ አውቶቡሱን ያላወጣ ኃላፊ በማግስቱ ይታወቃል።

አምስተኛ፣ አዲሶቹ ከመምጣታቸው በፊት የቆሙት ይቆጠሩ። ስንቱ በስንት ብር ይነሣል? ስንቱ የእውነት ሞቷል? የሞተው በግልጽ ጨረታ ተሽጦ ገንዘቡ ለመለዋወጫ ይዋል። ይህ ቆጠራ ሳይደረግ የሚቀርብ የግዢ ጥያቄ ምክር ቤት ላይ እጅ ሊወጣለት አይገባም።

ይህ ለምን እንዲህ ያንገበግባል የሚል ካለ፣ መልሱ ቦሌ አራብሳ ሰልፍ ላይ ነው። ከፒያሳና ከካዛንቺስ በልማት የተነሣ ሰው ድሮ በእግሩ ሥራ ይሄድ ነበር። ከተማው ወስዶ ዳር አስቀመጠው። ሲያስቀምጠው ከቁልፉ ጋር ያልተጻፈ ቃል ሰጥቶታል፤ "እኔ አመላልስሃለሁ" የሚል። አውቶቡሱ ካልመጣ ያ ሰው የተሰጠው ቤት ሳይሆን ግዞት ነው። ደመወዙ በትራንስፖርት ያልቃል። ልጁን ተኝቶ ጥሎት ይወጣል፤ ተኝቶ ያገኘዋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ሦስት ጊዜ ካረፈደች አራተኛው ላይ ሌላ ሰው ይቀጠራል። ለእሷ የጎደለው የፍሬን ሸራ የሥራ ማጣት ደብዳቤ ነው።

አዳዲሶቹ አውቶቡሶች መምጣታቸው አይቀርም። ይምጡ። ያማሩ ይሆናሉ፣ ድምፅ አይኖራቸውም፣ ጭስ አይኖራቸውም። በምረቃው ቀን ንግግር ይኖራል። በዚያ ቀን ጋዜጠኛው ስለ መቀመጫው ልስላሴና ስለ ውስጡ ዋይፋይ አይጠይቅ። አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፤ "አንዱ የተበላሸ ቀን ዕቃው የት ነው ያለው?"

ኃላፊው በጣቱ ወደ መጋዘኑ ከጠቆመ፣ እልል ይባል። ወደ ሰማይ ካንጋጠጠ ግን ሰልፈኛው ቦታውን አይልቀቅ። ተመልሶ ይፈልገዋል።